አዲስ ኩሽኔታ በአሮጌ ቀለበት

አንዲት ሴት ነበረች። ደብረ ብርሃን ግቢዋ ውስጥ የጭነት መኪናዋ በክሪክ ተሰቅሏል፤ የኋላ አክስሉ ተፈቷል። ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ አልቆ ነበር። በማግስቱ ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ሽመክት ስንዴ ጭኖ የጣርማበርን ቁልቁለት ሊወርድ ነው።

አዲሱ ኩሽኔታ ከነቀለበቱ፣ ማለትም ከሚዞርበት ክብ ብረት ጋር፣ ተገዝቷል። ግን አሮጌው ቀለበት ከተቀመጠበት አልወጣ አለ። ቢመቱት፣ ቢያሞቁት፣ ወይ ፍንክች!

"እትዬ፣ ይሄ ቀለበት ምንም አልሆነም" አላት ሽመክት ላቡን እየጠረገ። "እናጽዳውና አዲሱን ኩሽኔታ እዚሁ ላይ እንግጠመው።"

ጎረቤታቸው ጋሽ ደጉም በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው "ግራሶ ጠቅጥቁበት፤ ለክፉ አይሰጥም" አሉ። የስንዴው ባለቤት ነጋዴም በስልክ "ዛሬ ለመጫን ካልደረሳችሁ ጭነቱን ለሌላ እሰጣለሁ" ይላል።

ሴትዮዋ ጣቷን በቀለበቱ ላይ አዞረች። አንድ ቦታ ላይ ጥፍሯን ያዝ አደረገው። ጭረት ነው፣ ትንሽ ጭረት። ግን አዲሱ ኩሽኔታ በዚያ ላይ እየዞረ የት ድረስ ይሄዳል? ቁልቁለቱ መሀል ቢሰበርስ? መሪውን የያዘው ማን ነው? የእናቷ ልጅ ነው!

"እምቢ!" አለች። "ጭነቱ ይቅር። ይሄ ሳይወጣ አዲሱ አይገባም።"

"ሰው ይስቅብናል እኮ!"

"ይሳቅ! ስቆ ሲጨርስ ቤቱ ይገባል። አንተን ከገደል ማን ያወጣልኛል?"

መዶሻውን ከእጁ ቀማችው። ትመታለች፣ ታርፋለች፣ ደግሞ ትመታለች። ጭነቱ ለሌላ ተሰጠ። ሰፈሩም ሳቀ። አመሻሽ ላይ ቀለበቱ ወጣ፤ አዲሱም ከነቀለበቱ ገባ። ሽመክት በሌላ ቀን፣ በሌላ ጭነት ወረደ፤ በሰላምም ተመለሰ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ከወንድማችሁ ጋር ታርቃችኋል። ሽማግሌ ፊት ተቃቅፋችኋል። እሰየው! ታዲያ ስሙ ሲነሳ ፊታችሁ የሚጠቁረው ለምንድን ነው? ልጁን ሲድር "አሞኝ ነው" ብላችሁ የቀራችሁት ለምንድን ነው? አዲሱን ዕርቅ በአሮጌው ቂም ላይ ገጥማችሁት እኮ ነው!

"ጊዜ ያስረሳዋል" ይሏችኋል። እምቢ በሉ! "ያለፈውን ለምን ትቀሰቅሳላችሁ?" ይሏችኋል። እምቢ በሉ! ሂዱና "ወንድሜ፣ የከፋኝ በዚህ ነው፤ አንተስ በምን ተቀየምከኝ?" በሉት። ይቆጣ ይሆናል። ታለቅሱ ይሆናል። ይሁን!

ወንድማችሁ ቤቱ አለ። እኔ ጨርሻለሁ፤ እናንተ ሂዱና በሩን አንኳኩ።