ጀርባ አንድ ነው

አያቶቻችን ገና በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ሳሉ፣ ጉንጉን የሚባል ወንዝ ሁለት መንደር ያዋስን ነበር። ወዲህ ቆቅ ውኃ፣ ወዲያ ማዶ ሰንበሌጥ። ሁለቱ ደም ተቃብተዋል። በምን እንደተጣሉ ሲጠየቅ አንዱ በበሬ ነው ይላል፣ አንዱ በድንበር ነው ይላል። ሟቾቹን ግን ሁሉም በስም ያውቃቸዋል።

ከዚህም ከዚያም አፋፍ ላይ ጠመንጃ የያዙ ጠባቂዎች ይውላሉ። ወደ ወንዙ የወረደ ሰው አይመለስም። የሚያከብሩት አንድ ሕግ ብቻ ነበር፤ ልጅ ባዘለ ሰው ላይ አይተኮስም።

በቆቅ ውኃ ዝማም የምትባል ሴት ነበረች። ድሃ ናት፤ ድምጿም አይሰማም። ባሏን ደርብ የሚባል የሰንበሌጥ ሰው ገደለባት። ዓመት ሳይሞላ የምታጠባውን ልጇን ኩፍኝ ወሰደባት። የቀራት አንቀልባዋ ነው፤ ልጇን ታዝልበት የነበረው፣ ዛጎል የተሰፋበት ቆዳ። ግድግዳ ላይ ሰቅላ ታየዋለች።

አንድ በጋ የኔታ ክንፈ የሚባሉ የፊደል መምህር መጡ። ወዲህም ወዲያም አልገቡም፤ ከወንዙ ዳር ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ቆቅ ውኃዎች "ልጆቻችንን ያስተምሩልን" ብለው ላኩባቸው። ሰንበሌጦችም "የእኛን ያስተምሩልን" ብለው ላኩባቸው።

"ለአንድ ወገን ብቻ ካስተማርኩ፣ ክስ መጻፍ ነው የማስተምረው" አሉ የኔታ። "እዚህ መካከል ላይ ቤት ይሠራና የሁላችሁም ልጆች ይምጡ። ክረምት ሳይገባ ቤት ካልቆመ እኔም መንገደኛ ነኝ።"

ማን ይሥራው? ባዶ ጀርባውን የወረደ ይገደላል። ወንዙ ዳር ደግሞ አሸዋ እንጂ ድንጋይ የለም።

ዝማም አሰበች። "የኔው ልጅ ቢያድግ ኖሮ ወይ ገዳይ ወይ ሟች ነበር" አለች በልቧ። አንቀልባዋን አወረደች። ከአፋፉ ድንጋይ መረጠች፣ በጨርቅ ጠቀለለች፣ አዘለችው። እሹሩሩ እያለች ወረደች። አልተተኮሰባትም። ድንጋዩን ለየኔታ አስረክባ፣ ባዶ እንዳይመስል አንቀልባውን በሣር ሞልታ ተመለሰች። በማግስቱም አዘለች፣ ወረደች። በሠልስቱም አዘለች፣ ወረደች። የኔታ ድንጋዩን በድንጋይ ላይ ይክባሉ።

ደርብ ከማዶ ያያታል።

"የዚች ሴትዮ ልጅ አያለቅስም እንዴ?" አለ ለጓደኛው።

"እንዳንተ አይነጫነጭማ!"

ሳቁና ተዉት። የቆቅ ውኃ ጠባቂዎች ደግሞ ዓይናቸው ማዶ ነው፤ የገዛ መንደራቸውን ሴት መቼ ያያሉ!

አንድ ጠዋት ዝማም አዝላ ስትወርድ እማማ ስንዱ አገኟት፤ ጎረቤቷ ናቸው። "እስቲ ልሳመው" ብለው ጨርቁን ገለጥ አደረጉ። ድንጋይ። እማማ ስንዱ ደረታቸውን ደቁ።

"ወይኔ ልጄን! ጠበል እወስድሻለሁ።"

"አላበድኩም እማማ። ልጄ ከሞተ ወዲህ ጀርባዬን ይበርደኛል። ባዶውን ከሚውል የሰው ልጅ መማሪያ ልሸከምበት ብዬ ነው።"

በማግስቱ እማማ ስንዱም ድንጋይ አዝለው ወረዱ። የሰሙት ሴቶችም አዘሉ። ልጅ ያላትም ልጇን ቤት ትታ ድንጋይ አዘለች። ግድግዳው ወገብ ደረሰ።

ከማዶ ጫጫታ ሆነ። "ቆቅ ውኃ ዘንድሮ ተራባች!" አለ አንዱ። "ያቺን ባልቴት እያት! እሷም ወለደች?"

ደርብ ግን አልሳቀም። ነገሩ ከነከነው።

አንድ ረፋድ ዝማም አሸዋው ላይ ስትደርስ የአንቀልባዋ ጠፍር ተበጠሰ። ድንጋዩ ዱብ አለ። ደርብ አየ፤ በንዴት ራሱን ረስቶ፣ ጠመንጃውን ወድሮ ወረደ።

"አንቺ አታላይ! ድንጋይ አዝለሽ ነው ስትጫወቺብን የከረምሽው?"

ዝማም አየችው። ባሏን የገደለው ሰው ነው።

"ልጅ ነው" አለችው። "የማን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ያንተ ይሆናል።"

ደርብ ጠመንጃውን አነገተና ሊወረውረው ድንጋዩን አነሣ። አልወረወረውም። ድንጋዩ በጀርባዋ ሞቋል። እንደተኛ ሕፃን ይሞቃል። ይዞት ቆመ።

ዝማም ቀና ስትል ከቆቅ ውኃ አፋፍ የጠመንጃ አፈሙዝ አየች። የባሏ ወንድም ይርጋ ነው። ወንድሙን የገደለበትን ሰው ባዶ ጀርባውን አገኘው።

ዝም ብትል ይበቃ ነበር። ዝም ብትል የባሏ ደም ይመለስ ነበር። ቤቱ ግን አይቆምም።

"እዘለው!" አለችው።

"ምን?"

"እዘለው ነው የምልህ! ዙር!"

መቀነቷን ፈታች። ድንጋዩን በገዛ ባሏ ገዳይ ጀርባ ላይ በገዛ እጇ ልታስር ሞከረች። የተነገተው ጠመንጃ አላስቀምጥ አላት።

"ጀርባ አንድ ነው" አለችው። "ወይ እሱን ወይ ይህን።"

ደርብ አፋፉን አየ። ጠመንጃውን አሸዋው ላይ አጋደመ። እሷም አሰረችለት።

ይርጋ እንዳነጣጠረ ቆየ።

"ተኩስ እንጂ! ድንጋይ እኮ ነው!" አለው ጓደኛው።

"ድንጋይ መሆኑን አይቻለሁ" አለ ይርጋ። "ያሳዘለችውንም አይቻለሁ።" ጣቱን ከቃታው ላይ አነሣ።

ደርብ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከግድግዳው ላይ አኖረ። እንደገና ሊያዝል ወደ ሰንበሌጥ ወጣ። ከሱ ኋላ ሌላው የሰንበሌጥ ሰው አዝሎ ወረደ። ከቆቅ ውኃም ይርጋ ወረደ፣ አዝሎ። ክረምቱ ሲገባ ቤቱ ከነጣራው ቆሞ ነበር፤ የሁለቱም ልጆች ባንድ ድምፅ ሀ ሁ ይላሉ።

ያ ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ ፈርሶ ስንት ጊዜ ታድሷል! ዛሬም ሲታደስ ድንጋዩ በአህያ አይጫንም፣ በትከሻ አይመጣም። ይታዘላል። ጢማቸው የወረደ ወንዶች አንቀልባ ታጥቀው፣ እሹሩሩ እያሉ ሲወርዱ ልጆች በሳቅ ይሞታሉ። ግንበኛው ድንጋዩን ሲቀበል ይዳስሰዋል። ካልሞቀ ይመልሰዋል። በዚያ አገር ሁለት ሰዎች ሲጣሉ፣ አንዱ ጠመንጃውን ሊያነሣ ሲል፣ ገላጋይ ብዙ አይናገርም። "ጀርባ አንድ ነው" ይለዋል።

የነገሩኝ አዝለው አመጡልኝ፤ እኔም ከጀርባዬ አወረድኩላችሁ። ንኩት፤ ገና አልቀዘቀዘም።