ወለተ ሐናና ከባሕር ማዶ የመጣችው አበባ

የብርሃን እናት እመቤታችን ማርያም ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ ልመናዋ ለምንሰማ ሁሉ ጋሻ ይሁነን፥ አሜን።

በአንዲት የደጋ አገር ወለተ ሐና የምትባል ልጅ የሌላት መበለት ነበረች፤ እመቤታችንንም እጅግ ትወድ ነበርና፥ በየማለዳው ሰላምታዋን ሳታደርስ እህል ውኃ ላትቀምስ ተስላ፥ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር አበባ እያጠጣች ትኖር ነበር። በዚያም ወራት ወይዘሮ ዘርፈሽዋል የሚሏት ባለጸጋ ከባሕር ማዶ ያስመጣቻትን፥ ቅጠሏ እንደ ጦር የሾለ አበባዋ እንደ ጽጌረዳ የቀላ ዛፍ በቅጽሩ ተከለች፤ የወለተ ሐናም ፍየል ከቅጠሏ ጥቂት ቀምሳ ሞተች። ወለተ ሐናም «ይህች ዛፍ መርዝ ናት» እያለች ብትናገር ሰሚ አጣች።

ከዚያም በዘመነ ጽጌ ሁለቱም ያሉበት የእመቤታችን ማኅበር ዝክር ደረሰ፤ በአገሩ ልማድ የጽጌ ጠላ ጋኑ በአበባ ቅርንጫፍ ይከደን ነበርና፥ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከዚያች ዛፍ ቆርጣ፥ እንጨቱ ጠላው ውስጥ እስኪጠልቅ ድረስ በጋኑ አፍ ሰካችው፤ እንዲሁም አደረ። በማግሥቱ ወለተ ሐና ይህን አይታ ነጠላዋን በጋኑ አፍ ላይ ጣለችና ጋኑን በሁለት እጇ አቀፈችው።

«ዞር በይ እንጂ፥ ሰው ጠምቶታል» አለቻት ወይዘሮ ዘርፈሽዋል።

«ዞር አልልም እሜቴ።»

«ፍየልሽ ብትሞት አንቺ አበድሽ?» አለቻትና ማኅበርተኛው ሁሉ ሳቀ።

የማኅበሩ አለቃ ባላምባራስ ወልዱም ተነሥተው «ዝክር አታስታጉይ፤ አለዚያ ከማኅበሩ ትወጫለሽ፥ ስትሞቺም ቀባሪ የለሽ» አሏት። ለብቸኛ ሴት ከዚህ የሚብስ ቅጣት አልነበረም፤ እርሷ ግን «ልውጣ አባቴ። ይህንን ከጠጣችሁማ ማን ቀባሪ ይተርፋል?» ብላ መለሰች።

ተቆጥተውም እጇን ከጋኑ ሊያላቅቁ በያዟት ጊዜ በልቧ «እመቤቴ ሆይ፥ እኔ አልለቅም፤ አንቺም አትልቀቂኝ» አለች። ወዲያውም ያ የጸና ጋን በእቅፏ ሳለ ከአፉ እስከ መቀመጫው ተሰነጠቀና ጠላው በመሬት ፈሰሰ፤ እርሷን ግን አንዲት ጠብታ አልነካቻትም። የፈሰሰውን የቀመሱ ዶሮዎችም የዝክሩ ጸሎት ሳያልቅ ወደቁ።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋልም ደንግጣ «መጥረቢያ አምጡ፥ ዛፏ ትቃጠል» ባለች ጊዜ፥ ወለተ ሐና ዳግመኛ በፊቷ ቆመችና «ይህም አይሆንም እሜቴ፤ ጭሷም ይጎዳል። ደግሞስ የፈጣሪ ሥራ ናት፤ ወደ ጋን ያስገባናት እኛ። ትታይ፥ አትነካ» አለቻት። ከዚያም እጇን በጨርቅ ጠቅልላ የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ለቅማ ከብት በማይደርስበት ጉድጓድ ቀበረችው፥ እጇንም አጥርታ ታጠበች፥ ዛፏንም በእሾህ አጠረቻት፤ እሾኹን ተሸክማ የምታቀብላት ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ነበረች። ሁሉም እመቤታችንን አመሰገኑ።

ወለተ ሐና በእርጅና ባረፈች ጊዜም ያ ሁሉ ማኅበርተኛ በሕይወት ተገኝቶ አስከሬኗን በትከሻው ተሸክሞ ቀበራት።

የወለተ ሐናን ክንድ ያጸናች እመቤታችን፥ እኛንም ለዓይን ካማረ ለነፍስ ከመረረ ነገር ትጠብቀን፤ እውነት ይዘን ብቻችንን በቆምን ጊዜም አትልቀቀን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።