ጠብታ ሙሽራ እንደ ጫነች

ተረት ተረት ስላችሁ ዛሬ የላም በረት አትበሉኝ፤ የመኪና በረት በሉኝ።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳት ከተማ ገብተው መንዳት በተማሩበት ዘመን፣ ጠብታ የምትባል ትንሽ መኪና ነበረች። ኋላዋ ቁርጥ ያለ፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት፤ ቤንዚን የምትጠጣው እንደ ወፍ በምንቃር ነው። ምኞቷ አንድ ነበር፤ ሙሽራ መጫን!

አንድ ቀን ሚዳቋ ተሞሸረች። ጠብታም ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ልቧ ድው ድው እያለ ቀረበች።

አንደኛ ሚዜው አያ ጅቦ አያትና ሳቀ። «ሙሽራ በክብሪት ቀፎ? ዘመድ ምን ይለናል! አንቺ ከበሮውን ጫኚ።» ሙሽራዋን በግዙፌ ጫናት። ግዙፌ ቤት የሚያህል መኪና ነው፤ ቆሞም ይጠማዋል።

ጠብታ ሆድ እየባሳት የኋላ ወንበሯን አጥፋ ከበሮውን ተቀበለች።

«አይዞሽ» አላት ከበሮ። «እኔም በባዶ ሆዴ ነው ሰርጉን የማደምቀው።»

የሰርጉ አዳራሽ ዘበኛ ጃርት ግን አስጠንቅቋል፤ «ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ ካልገባችሁ በሩን እዘጋለሁ። አዳራሹንም ለጎሽ ሰርግ እሰጣለሁ!» ሙሽራው ድኩላ ደጃፉ ላይ ቆሞ አንገቱን ያሰግጋል።

ታዲያ አደባባይ ያልዞረ ሰርግ ሰርግ ነው እንዴ? ሦስት ጊዜ መዞር ግድ ነው። ጡሩምባው ቀለጠ!

አንድ ዞሩ። ከግዙፌ ሆድ ቤንዚን ጮኸ፤ «አያ ጅቦ፣ ተጋመስኩ!»

«ዝም በል፣ ቪዲዮ እየተቀረጽን ነው!»

ሁለት ዞሩ። «አያ ጅቦ፣ አለቅኩ!»

«ዝም በል፣ ሰው እያየን ነው!»

ሦስተኛውን ሲያጋምሱ ቤንዚን ምንም አላለም። አልነበረማ! ግዙፌ አደባባዩ መሃል እንደ ሐውልት ቀጥ አለ። አያ ጅቦ ወርዶ ቢገፋው፣ ቢገፋው፣ ንቅንቅ የለም። የማደያው ሰልፍ ደግሞ ጫፉ አይታይም።

ሚዳቋ አንገቷን በመስኮት አውጥታ አለቀሰች። «ወይኔ! ጎሽ በእኔ አዳራሽ ሊያገባ ነው!»

«ሙሽራዬ፣ ነይ እኔ ጋ!» አለች ጠብታ።

«ቬሎዬስ?»

«ከከበሮው ጎን ይተኛል!»

ሚዳቋ ዘላ ገባች፤ ቬሎዋ በኋላ በር ተከተላት። ጠብታ በቆሙት መኪኖች መሃል ሹልክ! በጠባቡ ቅያስ እጥፍ! ዳገቱን ሽቅብ! ከበሮው ድም ድም ይላል፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ቤንዚን ደግሞ «ኧረ እኔ ገና አልተነካሁም!» እያለ ይስቃል።

ጃርት በሩን ሊገፋ እጁን ሲዘረጋ፣ ጠብታ በሁለት ጋሪዎች መካከል ሽጉጥ ብላ ቆመች። እልልታው ጣሪያውን አነሳው። ድኩላ ሚዳቋን አቀፈ፤ ቀጥሎ ጠብታን ግንባሯን ሳማት።

ምሳው ሊያልቅ ሲል አያ ጅቦ እያለከለከ በእግሩ ደረሰ።

«ግዙፌስ?» አሉት።

ኮራ ብሎ መለሰ፤ «እዚያው ነው! የከተማው ሰው ሁሉ አብሮት ፎቶ እየተነሳ ነው።»

እንግዲህ ልጆቼ፣ ከዚህ የምንማረው ትልቅ መኪና ክፉ መሆኑን አይደለም፤ ኧረ በፍጹም! ለመቆም እንደ እሱ ያለ የለም። መድረስ ያማረው ግን ጠብታን ይጥራ።

ተረቴን መልሱ፤ እኔንም በጠብታ ወደ ቤቴ።