የምትመለሰዋ አንድ ብር

አንድ ጊዜ፣ ስልክ ጫካ ከገባ ወዲህ መሆኑ ነው፣ አራዊት ሁሉ ከትልቁ ዋርካ ሥር ተሰብስበው ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ጠቡ የግጦሽ አይደለም፣ የውሃም አይደለም። «ለወዳጅ ብር ለመላክ የትኛው መተግበሪያ ይሻላል?» ነው። ይሄም አለ እንግዲህ! መተግበሪያ ያልኳችሁ ስልክ ላይ ተጭኖ ብር የሚልከውን ነው፤ መቼም እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ወደ ጠቡ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ድሮው ትንሽ ላውራ፤ ካላወራሁ አይሆንልኝም። ድሮ በዚያ ጫካ ብር የሚያደርሰው ጋሽ አህዮ ነበር። ላኪው ብሩን በአሮጌ የነጠላ ቁራጭ ይቋጥርና ጋሽ አህዮ አንገት ላይ ያስረዋል። ጋሽ አህዮም ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ላሉት ያደርሳል። መንገዱ የሁለት ሰዓት ነው፤ እሱ ግን ደርሶ እስኪመለስ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። በየደጁ ይቆማላ! «እንትና እንዴት ናት? ወለደች? ያ ሳሉ ተሻለው?» ሲል ይውላል። ብሩ ሲደርስ ታዲያ ወሬው፣ ሰላምታው፣ ሳቁ ሁሉ አብሮ ይደርሳል። አይ ጊዜ! አሁንም ሳስበው ሆዴ ይባባል።

ከማዶዎቹ ሁሉ ጋሽ አህዮ አብልጦ የሚወዳት እትዬ ኤሊትን ነበር። ገና ከሩቅ ስታየው «አንተ ደግሞ ዘገየህ!» ብላ ትቆጣዋለች። አስቡት እስቲ፣ ኤሊ አህያን ዘገየህ ስትለው! ከዚያ «ና፣ ጎንበስ በል፣ ጀርባህን ልየው» ትለውና ጭነት የላጠውን ቦታ ቅጠል አኝካ ትለጥፍለታለች። ጨርቁንም ባዶውን መልሳ አታውቅም። የተላከላትን ታወጣና በምትኩ አንድ ብር፣ ካጣችም አንዲት የጤና አዳም ቅጠል፣ በአፏ ቋጥራ ትመልሳለች። ላኪውም ያንን የተኘከ ቋጠሮ ሲያይ «እሰይ፣ ኤሊት ደህና ናት» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ከዚያ ስልክ መጣ። ጋሽ አህዮም አርጅቶ ስለነበር «ተመስገን፣ አረፍኩ» አለ። ለራሱ አንዲት ባለ ቁልፍ ስልክ ገዛና በየቅዳሜው ጠዋት ለእትዬ ኤሊት አሥር ብር ይልክላት ጀመር። እሷም በየቅዳሜው አንድ ብር ትመልስለታለች። ልማድ ነዋ! እሱ ደግሞ የአንድ ብሯን መልእክት ሲያይ «ደህና ናት» ይልና ሣሩን ይግጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት ወር ሙሉ ማዶ ሳይሄድ ቀረ።

ወደ ዋርካው ልመልሳችሁ። ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። የእድሩ ዳኛ አያ አንበሶ ጉሮሮውን ጠረገና «ሁላችንም በየመተግበሪያችን ተበታትነን መላላክ አቃተን። በአንዱ የላከ በሌላው አይደርስለትም። ዛሬ አንዱን መርጠን እንገላገል» አለ።

እመት ቀበሮ ቀድማ ብድግ አለች። ‹ብልጭ› የሚባለው መተግበሪያ ወኪል ናት። አንድ አውሬ ባስመዘገበች ቁጥር ኮሚሽን ታገኛለች፤ ይህን ግን ለማንም አልተነፈሰችም።

«ጌታዬ፣ ‹ብልጭ› እያለ ምን ያጨቃጭቀናል? ጣትዎን ከስልኩ ሳያነሱ ይደርሳል» አለች።

«እኔ ‹ዝላይ›ን አልለቅም!» አለች ጦጢት ከቅርንጫፍ ላይ። «ብር በላክሁ ቁጥር የሚጨፍር ሥዕል አብሮ ይሄድልኛል። በዚያ ላይ ከፈለግሁት ባንክ ወደ ፈለግሁት ባንክ ነው።»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጥ አደረገ። «ምን ታወራላችሁ እናንተ! ‹ቅምሻ›ን የመሰለ የለም። አሥር ብር በላክሁ ቁጥር ሁለት ብር ጉርሻ ይሰጠኛል።»

«ለመላኪያስ ስንት ይቆርጥብሃል?» አለችው ቀበሮ።

«ሦስት ብር።»

«ታዲያ ከሰርክ እኮ!»

«ኧረ ወዲያ! ጉርሻ ነው እያልኩሽ!» አለ አያ ጅቦ ተናዶ። ምስኪን! በዚያን ቀን ጠዋት ብቻ ጉርሻ ፍለጋ ለገዛ ወንድሙ አሥራ አራት ጊዜ ልኮ ነበር።

«በቃ፣ እንፈትናቸው» አለ አያ አንበሶ። «ሦስታችሁም አሁን በአንድ ጊዜ አሥር አሥር ብር ላኩ። ለማን ይሁን?»

«ለእትዬ ኤሊት!» አሉ ሁሉም። ቁጥሯን የማያውቅ የለማ፤ በሦስቱም መተግበሪያ ተመዝግባለች።

ላኩ። አያ አንበሶ ዓይኑን ሳያርገበግብ ቀበሮ «ደርሷል!» አለች። ጦጢት ጭራዋን ሁለት ጊዜ ካወዛወዘች በኋላ «የእኔም ደርሷል!» አለች። አያ ጅቦ ስልኩን ሦስት ጊዜ ከላሰ በኋላ የእሱም ደረሰ። ጭብጨባው ቀለጠ።

አሁን እናንተን ይዤ ወንዙን ልሻገር። ማዶ ኔትወርክ የሚገኘው አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። እትዬ ኤሊት በየቅዳሜው ጎህ ሲቀድ ስልኳን በአፏ ነክሳ ድንጋዩ ላይ ትወጣለች። ለብሩ ብላ እንዳይመስላችሁ። ከብሩ ቀጥሎ ስልኩ የሚጠራ ይመስላታል። «ዛሬ እንኳ ይደውልልኝ ይሆናል» ትላለች። ያን ዕለት ጠዋት ግን ድንጋዩ ጤዛ ነበረበት፤ ተንሸራተተችና በጀርባዋ ወደቀች። ስልኳ እላይ ቀረ። ኤሊ ደግሞ በጀርባዋ ከወደቀች ገልባጭ ካላገኘች አትነሳም። ፀሐይዋ እየበረታች ሆዷ ላይ መውረድ ጀምራለች፤ እስከ እኩለ ቀን የሚደርስላት ካልመጣ አበቃላት።

ስልኩ እላይ «ጢው» አለ። አሥር ብር። «ጢው» አለ። አሥር ብር። ደግሞ «ጢው»።

«ብሩ ይቅርብኝ!» አለች እትዬ ኤሊት እግሮቿን እያወራጨች። «አንድ የሚገለብጠኝ ላኩልኝ እንጂ!»

ማን ይስማት? ከዋርካው ሥር ሁሉም «‹ብልጭ›! ‹ብልጭ›!» እያለ ይጮሃል። ጋሽ አህዮ ብቻ ስልኩን ትክ ብሎ ያያል።

«አንድ ብሯ አልመጣችም» አለ ቀስ ብሎ።

«የምን አንድ ብር?» አለ አያ አንበሶ።

«ኤሊት ባዶ አትመልስም። እኔ ጠዋት አሥር ላክሁላት፣ አሁን እናንተ ሠላሳ ላካችሁ። አንድም አልመለሰችም።»

ቀበሮ ሳቀች። «ጋሼ ደግሞ! ይኸው ‹በትክክል ደርሷል› ይላል እኮ።»

«ብሩ መድረሱንማ ነገረሽ። እሷስ?»

«ይዛው ቀርታ ይሆናላ!» አለ አያ ጅቦ። «እኔ ብሆን አንድ ብር ቀርቶ ሳንቲም አልመልስም።»

ጋሽ አህዮ ደወለ። በአምስት ወር ውስጥ ሲደውልላት የመጀመሪያው ነው። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራና ተቋረጠ። ያን ጊዜ አፈረም፣ ፈራም። «አምስት ወር!» አለ ለራሱ። ተነሳ።

«ወዴት ነው ጋሼ? ድምፅ ሳይሰጡ?» አለች ቀበሮ።

«ድምፄን ላንቺ ትቼልሻለሁ» አለና መንገድ ጀመረ።

አያ ጅቦ ከንፈሩን እየላሰ ብድግ አለ። «ብቻዎንማ አይሄዱም ጋሼ፣ ልሸኝዎት!»

«አንተ ተቀመጥ!» ብሎ አያ አንበሶ አጉረመረመበት፤ ተቀመጠ።

ያ የድሮ መንገድ አልተለወጠም። በየደጁ «ወይኔ! ጋሽ አህዮ! አለህ እንዴ? ና ግባ፣ አረፍ በል!» ይሉታል። እሱም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆም «ስመለስ! ስመለስ!» እያለ አለፈ። ወንዙን ተሻገረ። ድንጋዩ ጋ ሲደርስ እትዬ ኤሊት አንገቷ ተንጠልጥሏል፣ ዓይኗ ተከድኗል።

«ኤሊት! ኤሊትዬ!»

ዝም። አፍንጫውን ከሥሯ አስገብቶ ገለበጣት። ወደ ወንዙ ሮጦ ውሃ በአፉ አመጣና ፊቷ ላይ ረጨው። ዝም። ደግሞ ሮጠ፣ ደግሞ ረጨ። በሦስተኛው አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«አንተ ደግሞ» አለች በደከመ ድምፅ፣ «ዘገየህ!»

ጋሽ አህዮ አለቀሰ። ሽማግሌ ነው፣ አላፈረም። «አዎ፣ ዘገየሁ» አላት።

«ና ጎንበስ በል፣ ጀርባህን ልየው።»

«ጀርባዬማ ድኗል። ከተሸከምኩ ቆየሁ እኮ።»

«ታዲያ ጭነት ከሌለብህ ምን ከለከለህ?»

«እልክልሽ ነበር እኮ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ደርሶኛል» አለች። «እዚህ ላይ እየወጣሁ አየዋለሁ። ከዚያ የምትደውል ይመስለኝና ፀሐይ እስኪበረታ እቀመጣለሁ።»

ከዚያ በኋላ ጎን ለጎን ጥላ ሥር ዋሉ።

ጋሽ አህዮ ወደ ዋርካው የተመለሰው በሦስተኛው ቀን ነው። በየደጁ ቆሟላ! አንገቱ ላይ እንደ ድሮው የነጠላ ቁራጭ ታስሯል፤ ቋጠሮው ተኝኳል። አያ አንበሶ ፈታው። ሦስት ባለ አንድ ብር ሳንቲሞችና ሦስት የጤና አዳም ቅጠሎች ነበሩበት፤ ለሦስቱ ላኪዎች። ጋሽ አህዮ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው፤ ቀበሮና ጦጢት የየድርሻቸውን አነሱ። አያ ጅቦ ግን «ይቺ ትበላለች?» ብሎ ሳይጠይቅ ቅጠሉን ዋጠው፣ ሳንቲሙንም አስከትሎ ዋጠው።

«ታዲያ የትኛውን መረጥን?» አለች ጦጢት።

«የፈለጋችሁትን ተጠቀሙ» አለ አያ አንበሶ። «የእድሩ ሕግ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይህ ነው፤ የተላከለት ሁሉ አንድ ብር ይመልሳል። አንድ ብሯ ያልተመለሰችለት ላኪ ይነሳና ወዳጁን ሄዶ ይይ።»

ቀበሮ እንደ ልማዷ ትከራከራለች ብለው ሲጠብቁ ስልኳን ብብቷ ሥር ከተተች። ጋሽ አህዮን ወደ ጎን ሳብ አደረገችው። እናቷ ማዶ እንደምትኖር ልብ ያለ አልነበረም፤ ቀበሮ በየሳምንቱ በ‹ብልጭ› ትልክላታለች።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «በመንገድዎ እናቴን አዩዋት?»

«አይቻታለሁ» አላት። «ዓይኗ ደክሟል። በድምፄ ለየችኝና ‹ልጄስ መቼ ትመጣለች?› አለችኝ።»

እመት ቀበሮ ያን ቀን አንድም አውሬ አላስመዘገበችም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንዙን ስትሻገር አይተዋታል።

ከዚህ የምንማረው፣ ለወዳጅ የላክነው ብር ደረሰ ማለት እኛ ደረስንለት ማለት እንዳልሆነ ነው።