የመታህ ሰው ዓይኑ የት ነበር?

አንድ ሰው ነበረ፤ ምክቶሽ ያስተምር ነበር። ምክቶሽ አንዱ በሽመል ሲሰነዝር ሌላው በሽመሉ የሚመክትበት የጎበዛዝት ጨዋታ ነው። ጨዋታ ይባል እንጂ ካልተጠነቀቁበት አናት ይፈነክታል።

እትዬ አንጓች፣ ይቆዩ አይነሡ፤ ጥያቄዎን አልሸሸሁም። በአዳራሹ በር ላይ «ካራቴ አካልን ያጠነክራል፣ መሪነትንም ያስተምራል» ብዬ የለጠፍኩትን ወረቀት አንብበው ልጅዎን አስመዘገቡ። ሦስት ወር ሙሉ ስትመክት እንጂ ስትመታ አላዩም። ትናንት ደግሞ ክንዷ ላይ ሰንበር አዩና ዛሬ ሊያስወጧት መጡ። «መመታት እንዴት አድርጎ ነው መሪ የሚያደርጋት?» ነው ያሉኝ። ደህና ጥያቄ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከሥሩ ልንገርዎ።

ይህ መምህር፣ እንደ እኔው ማለት ነው፣ ሰው የማይወድለት ልማድ ነበረው። ወደ እርሱ የመጣ ተማሪ ዓመት እስኪሞላው ድረስ አንድም ዱላ አይሰነዝርም፤ ሲመክት ብቻ ይከርማል። ፀሐይ አዘቅዝቃ ትምህርቱ ሲያበቃ መምህሩ እያንዳንዱን ጠርቶ «የመታህ ሰው ዓይኑ የት ነበር?» ይለዋል። ያላወቀ በማግስቱ እንደገና ዱላ ይቀበላል። ዱላ ያታልላል፣ ወዲህ መጣ ሲሉት ወዲያ ይዞራል፤ ዓይን ግን ሰውየው ወዳሰበው ቀድሞ ይሄዳል እያለ ያስተምራቸው ነበር። ሁለት ጀማሪዎች ተናደው የእውነት ሲማቱ ደግሞ ራሱ አይገላግልም። ከተማሪዎቹ የቆየውን ጠርቶ መሃላቸው ያቆመዋል፤ የሁለቱንም ዱላ መቀበል የእርሱ ፋንታ ነው።

ወደዚህ መምህር ሁለት ወንድማማቾች ገቡ። ታላቅየው ክንደ ብርቱ ነበር። በሦስተኛው ወር «እኔ የማንም ከበሮ አይደለሁም» ብሎ ወጣና መምታቱን በራሱ ተማረ፤ ደግሞም ተማረው፣ ምቱን የሚቋቋም በአካባቢው ጠፋ። ታናሽየው ቆየ። ክንዱ አብጦ በገባ ቁጥር ሚስቱ ቅቤ እያሸችው ይህ ሰውዬ ቆይ ምን ሊያደርግልህ ነው ትለዋለች። እርሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር፣ ድሮ ዱላ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍን እንደነበረና አሁን ግን እንደማይጨፍን ነው።

ዓመታት አለፉ። የመንደሩ የጎበዝ አለቃ ሞተና ሽማግሌዎች ወጣቱን ማን ይምራው ብለው መከሩ። አገሩ ሁሉ ታላቅየውን ነበር የጠበቀው። ሽማግሌዎቹ ግን መምህሩን ጠየቁት፤ እርሱም በጣቱ ታናሽየውን አሳየ። ወይ ጉድ፣ ያን ቀን የነበረውን ማጉረምረም! ጠላቱን ይቅርና ዝንብ መትቶ የማያውቅ እንዴት ነው ጎበዝ የሚመራው ተባለ። ታላቅየው አንጀቱ አረረ። ከወንድሙ ጋር ከአንድ መሶብ መብላትም ተወ። ታናሽየውም ሹመቱ ከበደው። ስብሰባ ሲጠራ ግማሹ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል፤ የመጣውም ቢሆን የሚያየው ታላቅ ወንድሙን ነው።

ከወንዙ ማዶ ሌላ መንደር ነበረ። በሁለቱ መካከል ያለው የግጦሽ መስክ የማን ነው በሚል ተጣልተው፣ ባለፈው በጋ አንድ የማዶ ሰው ክንዱ ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ቢሞት ሁለቱ መንደሮች ደም ተቃብተው ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነገር እንደሚያመጡ ሁሉም ያውቃል። ታናሽየው ሲተኛም ሲነሣም የሚያስበው ይህንኑ ነበር። በእኔ አለቅነት ደም እንዳይፈስ እያለ ይጸልያል።

በታኅሣሥ፣ ጤፉ ታጭዶ አውድማው ዳር በተከመረበት ሰሞን፣ ማዶዎች ከብቶቻቸውን በግድ ወደ መስኩ ሊነዱ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ጎበዙ ሁሉ ሽመሉን ይዞ ወደ ወንዙ መሻገሪያ ወረደ። አውድማው ከኋላቸው ከኮረብታው ላይ ነው፤ ፊታቸው ወደ ማዶ። ከቀትር በኋላ የማዶ ሰዎች ሃምሳ ያህል ሆነው፣ ዱላ ዱላቸውን እንደያዙ፣ ቁልቁለቱን እየጮኹ ሲሮጡ ታዩ። የሚሉትን ወንዙ እያስገመገመ አያሰማም።

ታላቅየው «መጡ!» ብሎ ሽመሉን አነሣ። ጎበዙም ተከትሎት አነሣ።

ታናሽየው ከፊት ቆሟል። ፈራ፤ አልደብቅዎትም። ነገር ግን ያ ሁሉ ዓመት ልማድ አድርጎበታልና ዱላቸውን ትቶ ዓይናቸውን አየ። የአንዱም ዓይን እነርሱ ላይ አልነበረም። ሃምሳ ሰው በእነርሱ አናት ላይ አሻግሮ ከኋላቸው ያለ ሌላ ነገር እያየ ነው የሚሮጠው። ሊማታ የመጣ ሰው የሚመታውን ሳያይ እንዴት ይመጣል ብሎ አሰበ።

አስቦ አልጨረሰም። የማዶ ፊታውራሪ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቷል፤ ታላቅየው ዘሎ ሽመሉን በሰውየው አናት ላይ አወረደው። ያች ምት ብታርፍ ሰውየው አይተርፍም ነበር። ታናሽየው ግን ሁለት የተናደዱ ጀማሪዎች መሃል መቆም ለምዷል፤ ገባና በሽመሉ መከታት። የእርሱ ሽመል ለሁለት ተሰበረ፣ የእጁ አንጓም ወር ሙሉ አልተዘረጋም።

«ወደ ኋላችሁ ዙሩ» አለ።

ማን ይዞራል? ለጠላት ጀርባውን የሚሰጥ ወንድ የት አለ? ሁሉም ደርቆ ቆመ። ታላቅ ወንድሙም ዱላውን እንደገና አነሣ። ያን ጊዜ ታናሽየው የተሰበረውን ሽመል ጣለና ራሱ ዞረ፤ ባዶ እጁን፣ ለሃምሳ ዱላ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። አለቃቸው ሲዞር ባዩ ጊዜ አንድ ሰው ዞረ፣ ቀጥሎ ሦስት አራቱ፣ በመጨረሻም ታላቅየው።

ከኮረብታው ላይ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ማር ቆራጭ ንብ ያጨሰበትን ችቦ አጠፋሁ ብሎ አውድማው አጠገብ ጥሎት ኖሮ፣ ንፋስ አንሥቶት ክምሩን ይዞታል። ሴቶቹና ሽማግሌዎቹ ኡኡ ቢሉ በወንዙ ድምፅ ማን ይስማቸው? ጭሱን ያዩት ፊታቸው ወደ አውድማው የሆነው ማዶዎች ነበሩ። እሳት ያየ የአገር ሰው ደግሞ በእጁ ያለውን ይዞ ነው የሚሮጠው፤ በእጃቸው የነበረው ዱላ ነው።

ውሃው ውስጥ የቆመው ሰው ምን ያህል ለሞት እንደቀረበ ገና አልገባውም።

«እናንተ ሰዎች» አላቸው፣ «እህላችሁ እየነደደ እዚህ ቆማችሁ ምን ትጠብቃላችሁ?»

ከዚያ በኋላ ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ የሚባል አልነበረም። ያ ሁሉ ሽመል እሳት መደብደቢያ ሆነ። ጥቂት ክምር ተቃጠለ፣ የቀረው የመንደሩ የዓመት እንጀራ ተረፈ። ሲያበቃ ሁሉም ፊቱ በጥላሸት ጠቁሮ ቃርሚያው ላይ ተዘረረ፤ ማን የየት መንደር እንደሆነ እንኳ አይለይም ነበር። አንዱ ሳቀ፣ ሌላውም ተከተለው፣ ሁሉም እፎይ እያለ እንደ ሕፃን ሳቀ። ያን ሰሞን ሽማግሌዎች ተቀምጠው መስኩን በፈረቃ እንዲያስግጡ አስታረቋቸው፤ ጤፉን ያዳነልህን ሰው ከሣር መከልከል የሚያሳፍር ነገር ነውና ብዙም አላስቸገረም።

ታላቅየው ግን አልሳቀም። ከቤቱ ጠላ አስመጥቶ ከዱላው ለጥቂት ለተረፈው የማዶ ሰው በገዛ እጁ ቀዳለት። ሲቀዳ እያለቀሰ ግማሹን አፈሰሰው። ሰውየው ለምን እንደሚያለቅስ አልገባውም፤ ጭሱ ነው ብሎት አለፈ። ማታ ከወንድሙ ጋር ከአንድ መሶብ በላ። በሳምንቱም ያ ክንደ ብርቱ፣ ጢሙ የበቀለ ሰውዬ፣ መምህሩ ደጅ ሄዶ ከልጆቹ መጨረሻ ተሰለፈና «ከመጀመሪያው ልጀምር» አለ።

እንግዲህ እትዬ አንጓች፣ ተረቱ ይኸው ነው። መምህሩ እኔ ነኝ፣ ሽመሉም ካራቴው ነው። ሰው መሪ ሲባል ቀድሞ የሚመታውን ይጠብቃል። መምታትማ ታላቅየውም ያውቅ ነበር፤ ባወቀው ልክ አገሩን ሊያስጨርስ ጥቂት ቀረው። ዱላ ሲመጣበት ዓይኑን ያልጨፈነ ሰው ግን የመጣው ጠላት ይሁን ረዳት ይለያል፤ ለይቶም ሌሎቹ የሚፈሩትን አስቀድሞ ራሱ ያደርገዋል። ሰው የሚከተለው ያንን ነው። ይህን በወረቀት ለጥፌ አላስተምረውም፣ በቃልም አይገባም፤ ክንድ ላይ እያረፈ ነው የሚገባው።

ስለ ሰንበሩም ልንገርዎ፤ ልጅዎ እንደሆነች ምንም እንዳልነገረችዎ አውቃለሁ። ትናንት አንድ ጎረምሳ ተናዶ ከሁሉም በታች ያለችውን ትንሽ ልጅ በሙሉ ኃይሉ ሊመታት ተነሣ። እኔ ከአዳራሹ ጥግ ነበርኩ፣ አልደርስም ነበር። የእርስዎ ልጅ መሃል ገብታ በክንዷ ተቀበለችው። ማንም አላዘዛትም። ከዚያ ለጎረምሳው ምን እንዳለችው ያውቃሉ? አልጮኸችበትም፣ አልሰደበችውምም። «ዓይንህ ቀይ ነው፤ ሂድና ውሃ ጠጥተህ ተመለስ» አለችው። ሄዶ ጠጥቶ ተመለሰ።

አያልቅሱ እንግዲህ፣ ይህ የሚያስለቅስ አይደለም። ሰንበሩን ቅቤ ይቀቡላት። ነገ ደግሞ በሰዓቱ ይላኩልኝ፤ ትንሿ ልጅ ከእርሷ ጎን ካልሆነ አልቆምም ብላለች።