የቀረችው ጎረቤት

አንዲት ሴት ነበረች። ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመው በሳምንት ሦስት ቀን ደሟ በማሽን ይታጠብላታል። ግማሽ ቀን ክንዷን ዘርግታ ትተኛለች፤ ስትመለስ ከታክሲ ወርዳ ቤቷ እስክትገባ ጉልበት ያጥራታል። ውኃ እንኳ በልክ ነው። ሲጠማት ከንፈሯን ታረጥባለች እንጂ እስኪበቃት አትጠጣም።

መጀመሪያ ሰሞን የሰፈሩ ሰው ቤቷን አጥለቀለቀው። መቼም እኛ «እገሌ ታመመች» ሲባል እናውቅበታለን! ብርቱካኑ፣ ሙዙ፣ ጭማቂው ጠረጴዛውን ሞላው። እሷ ግን ሐኪም ስለከለከላት አንዱንም አትቀምስም። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትቀበልና ለጎረቤት ልጆች ታድላለች።

ዓመት ሲሞላ ጠያቂው ቀረ። ለምን ቀረ? ክፉ ሆኖ ነው? አይደለም፣ ወገኖቼ። የሚድነውን እንጠይቃለን፤ የሞተውን እንቀብራለን። ሳይድንም ሳይሞትም ለሚኖረው ግን ምን እንደምናደርግ ግራ ይገባናል።

ከሁሉም የናፈቀቻት ደብሪቱ የምትባል ጎረቤቷ ናት። ስንት ዘመን አብረው ገበያ ወርደዋል፤ አብረው ለቅሶ ደርሰዋል። በር በተንኳኳ ቁጥር «እሷ ትሆን?» ትላለች። እሷ አይደለችም። የውኃውን ጥም ችላዋለች፤ ይህን ናፍቆት ግን አልቻለችውም።

አንድ ቀን ለነርሷ፣ «ልጄ፣ ደከመኝ። ከሰኞ ጀምሮ አልመጣም» አለቻት።

«እማማ፣ ከቀሩ እኮ ይሞታሉ!»

«አውቃለሁ።»

ነርሷ ደንግጣ ለታማሚዋ እህት ነገረቻት፤ ወሬውም በእህቲቱ በኩል ደብሪቱ ጆሮ ደረሰ። ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል እየሮጠች ገባች።

«ምን በድዬሽ ነው የተውሽኝ?» አለቻት ታማሚዋ።

ደብሪቱ አለቀሰች። «አፍሬ ነው እኮ እህቴ! ሙዝ አይሆናትም አሉኝ፤ ብርቱካንም አይሆናትም አሉኝ። ታዲያ ባዶ እጄን እያወዛወዝኩ ታማሚ ቤት ልግባ? ስንቴ በርሽ ድረስ መጥቼ ተመለስኩ መሰለሽ!»

«አንቺ ሞኝ! ምግብ መቼ አማረኝ? ማን ከማን ጋር እንደተጣላ የሚያወራኝ አጥቼ ሞትኩ እንጂ!»

እያለቀሱ ሳቁ። ሰኞ አብረው ሄዱ። ደብሪቱ አጠገቧ ተቀምጣ የሰፈሩን ጉድ ስትዘከዝክ፣ ወሬው ሳያልቅ ማሽኑ ጨረሰ። «የቀረውን ረቡዕ» አለቻት።

ኩላሊቷ አልዳነም፣ ወገኖቼ። ያቺ «ደከመኝ፣ አልመጣም» ብላ የነበረች ሴት ግን ረቡዕ እስኪደርስ ቸኮለች።

እናንተስ? በሩ ድረስ ሄዳችሁ የተመለሳችሁበት ቤት የለም? «ምን ይዤ ልሂድ? ምን ብዬ ላጽናናው?» እያላችሁ የራቃችሁት ሰው የለም? ይሉኝታ ጥሩ ነው፤ ሰው ሲያስርብ ግን ኃጢአት ነው። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ቀጥታ ወደ ቤታችሁ አትግቡ። ወደዚያ ሰው ሂዱ። የምትናገሩት ቢጠፋችሁ ዝም ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። «ነገ እሄዳለሁ» ግን አትበሉኝ። ይህች «ነገ» ስንቱን ሰው ሳንጠይቀው አስቀበረችን!