አራተኛው የመሠረት ድንጋይ

አቶ ብርቅነህ የሚባሉ፣ ከተሾሙ ወር ያልሞላቸው የወረዳ አስተዳዳሪ ነበሩ። አንድ ቀን ሕዝቡን ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አስጠርተው፣ ለሚታደሰው የኳስ ሜዳ የመሠረት ድንጋይ አኖሩ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሦስት አስተዳዳሪዎችም እዚያው ሜዳ ላይ በየተራ ድንጋይ አኑረው፣ መዋጮ ሰብስበው፣ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውረዋል።

ጭብጨባው ሳይበርድ አቶ ብርቅነህ፣ «በነፍስ ወከፍ አምስት መቶ ብር ታዋጣላችሁ» አሉ። «የልጆቻችንን መጫወት የሚጠላ ካለ እጁን ያውጣና እንወቀው።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሎ የምትሸጥ አንዲት ምላሰኛ ሴት ግን እጇን አወጣች። ጎረቤቷ ቀሚሷን ብትጎትታት ወይ ፍንክች።

«አንቺ፣ ልማት ትቃወሚያለሽ?» አሏት አስተዳዳሪው ግንባራቸውን ቋጥረው።

«ኧረ ምን ቆርጦኝ ጌታዬ፤ ላመሰግንዎት ነው እንጂ» አለች። «ልጆቻችን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ድንጋዮች አንዱን ጎል ሠሩ። ለወዲያኛው ጎል ግን የነበራቸው የሦስተኛው አስተዳዳሪ ድንጋይ ብቻ ስለሆነ፣ በሌላው በኩል ጫማ ነበር የሚያስቀምጡት። ዛሬ እርስዎ አራተኛውን ሞሉላቸው። ሜዳው እኮ አለቀ፤ ታዲያ መዋጮው ለምኑ ነው?»